ተፈትኖ ክሬዲት ማግኘት፦ ክሌፕ፣ ዲኤስኤስቲ፣ የአማርኛ ፈተና ወይስ የቆየው ትራንስክሪፕት?

በቤተሰብ ሂደትም ይሁን በትምህርት ቪዛ አሜሪካ ለመግባት ወረፋ የሚጠብቅ የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ ማዶ ካሉት ዘመዶቹ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ክሌፕ ተፈተን፣ ክፍል ሳትገባ አንድ ዓመት ትቆርጣለህ» የሚል ነው። ክሌፕ የኮሌጅ ኮርስን ክፍል ሳይገቡ በፈተና ለመተካት የሚሰጥ የአሜሪካ ፈተና ነው። ምክሩ ውሸት የለበትም፤ ዋናው ነገር ግን ጎድሎታል። ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት ክሬዲት አይሰጥም፣ ውጤት ብቻ ይልካል። ክሬዲቱን የሚመዘግበው ተማሪው የገባበት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁም እንደ ደንቡ ውጤቱን ሙሉ ይቀበላል፣ ይሸርፋል ወይም ጨርሶ አያየውም። «የትኛው ፈተና ይቀላል?» ብሎ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያባክናል፤ «ውጤቱን የሚቀበለኝ ማን ነው?» ብሎ የጀመረ ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ባብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። አንድ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት ይይዛል፤ ይህም በሴሚስተር 45 ሰዓት ያህል ክፍል መቀመጥ ማለት ነው። ያንን ኮርስ የሚተካው የክሌፕ ፈተና ባብዛኛው የሚወስደው 90 ደቂቃ ነው። ባለ 3 ክሬዲት 10 ፈተናዎች ያለፈ ሰው 30 ክሬዲት፣ ማለትም የአንድ ዓመት ትምህርት ይነሳለታል። ዘመዶች «አንድ ዓመት» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። በተግባር ግን አሥሩንም የሚቀበል ኮሌጅ ማግኘትና አሥሩንም ማለፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከሦስት እስከ አምስት ፈተና ለብዙው ተማሪ ምክንያታዊ ዕቅድ ነው።

እዚሁ አገር ውስጥ ለሚማር

በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ የሚማርና ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ የሌለው ሰው የአሜሪካ ፈተናዎች ላይ ገንዘቡን አያውጣ። እኛ ዘንድ የተለመደው አካሄድ ኤግዘምፕሽን ነው፤ ቀደም ብሎ በሌላ ተቋም የተማሩትን ኮርስ ትራንስክሪፕቱንና የኮርሱን አውትላይን ይዞ ለዲፓርትመንቱ ማቅረብ። የሚታየው የይዘቱ መመሳሰልና የተገኘው ውጤት ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንዱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ክሬዲትም አያስገኝም። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ የመጣው ተማሪ የሚያልፍበት የመጨረሻ በር ነው፤ በግል ኮሌጅም ሆነ በርቀት የተማረ አይቀርለትም። ሁለተኛው በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። በአገራችን «ሳይማሩ መፈተን» ለሚለው ሐሳብ በጣም የሚቀርበው ይሄ ነው፤ ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰው ተመዝኖ የደረጃ ማስረጃ ሊያገኝ ይችላል። ደረጃዎቹ ባብዛኛው ከ1 እስከ 5 ናቸው። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው፣ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ አሥር ዓመት በር እና መስኮት የበየደ ሰው ሲኦሲ ላይ ሲወድቅ የሚወድቀው ብየዳው ላይ አይደለም። ጽሑፉ ላይ የኤሌክትሮዱን ቁጥር ትርጉም ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው በመልኩ ነው። ተግባሩ ላይ መዛኙ የሚያየው ያለቀውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ነው፦ ጓንት አደረገ? ማስኩን ሳይለብስ የብየዳውን ብልጭታ አስነሣ? ሥዕሉን አንብቦ ለካ ወይስ በዓይኑ ገመተ? ሲጨርስ ቦታውን አጸዳ? ሁለት ሳምንት ወስዶ የሙያውን የደረጃ መስፈርት ማንበብ ከሁለት ዓመት ልምድ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ይህ ማስረጃ ለሥራና ለደረጃ ዕድገት ያገለግላል፤ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይደለም።

ፍሬሽማን ጨርሶ ለሚሄድ፦ መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተምሮ የሚሄድ ሰው ወደ ፈተና የሚሮጠው ትራንስክሪፕቱን ካስገመተ በኋላ ነው። በፍሬሽማን የሚሰጡት ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ መግቢያ ኢኮኖሚክስ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ፊዚክስና ባዮሎጂ ለአሜሪካ ኮሌጅ እንግዳ አይደሉም። እንደ ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ያለ ገምጋሚ ድርጅት ኮርሶቹን አንድ በአንድ ወደ አሜሪካ ክሬዲት ይተረጉማቸዋል። ሲጠይቁ «በኮርስ የተዘረዘረ» ግምገማ ይበሉ፤ ርካሹ ዓይነት ዲግሪው ምን እንደሆነ ብቻ ይናገራል፣ ክሬዲት አይቆጥርም።

ሳይኮሎጂን በትራንስክሪፕት ያለው ሰው ሳይኮሎጂን በክሌፕ መፈተኑ ገንዘብን እሳት ውስጥ መጣል ነው። ኮሌጁ አንዱን ኮርስ ሁለት ጊዜ አይቆጥርም። ፈተና የሚያስፈልገው ግምገማው ክፍት የተወውን ቦታ ለመሙላት ነው።

የማይተረጎሙ፣ ወይም ተተርጉመው በነፃ ምርጫ ኮርስነት ብቻ የሚቀመጡም አሉ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ ብዙ ጊዜ እጣቸው ይህ ነው። ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ደግሞ ብዙ ኮሌጅ ከሚጠይቀው የድርሰት ኮርስ ጋር እኩል አይታይም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተመዘገበ በኋላ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር እዚሁ ይጨርሱ። አንደኛ፣ ግምገማው የሚፈልገው ትራንስክሪፕት በተማሪው እጅ ያለውን የተማሪ ቅጂ ሳይሆን ከሬጅስትራሩ ታሽጎ በቀጥታ የሚላከውን ነው። ሁለተኛ፣ የወጪ መጋራት ጉዳይ ያልተቋጨበት ሰው ማስረጃው ይያዝበታል፤ ይህን ለመጨረስ ከሜሪላንድ ሆኖ መደወል ከባድ ነው። ለታመነ ሰው ሕጋዊ ውክልና ሰጥተው ይሂዱ፣ ውክልናው ላይም «ትራንስክሪፕት የማስላክ» የሚለው ቃል ይግባ። ሦስተኛ፣ የየኮርሱን አውትላይን ማኅተም አስመትተው ይያዙ። ወረቀቷ እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ እዚያ ግን አማካሪው «ይህ ኮርስ ምን ይዟል?» ሲል ሌላ መልስ የለም።

ክሌፕ

ክሌፕ ከ1967 ጀምሮ በኮሌጅ ቦርድ የሚሰጥ ሲሆን 34 ፈተናዎች አሉት። ክፍያው በአንድ ፈተና ከ90 እስከ 100 ዶላር መካከል ነው፤ የመፈተኛ ጣቢያው የራሱን ክፍያ ይጨምራል። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ባለው ሚዛን ይሰጣል፣ ለአብዛኛው ፈተና የሚመከረው ማለፊያ 50 ነው። ይህ 50 በመቶ ማለት አይደለም፤ ከቀላልና ከከባድ ጥያቄ ተሰልቶ የተቀየረ ቁጥር ነው። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ድርሰት ካለበት በስተቀር ውጤቱ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና ደግሞ ለመውሰድ 3 ወር ይጠብቃል።

ከሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ለወጣ ተማሪ ፈተናዎቹ እኩል አይደሉም።

የሒሳቦቹ ቤተኛ ናቸው። የኮሌጅ አልጀብራ ፈተና በ90 ደቂቃ 60 ያህል ጥያቄ አለው፤ ይዘቱ ፈንክሽን፣ እኩልታና አለመበላለጥ፣ የአልጀብራ ስሌትና የቁጥር ሥርዓት ነው። 11ኛ ክፍልን በአግባቡ የተማረ ልጅ የማያውቀው ነገር ትንሽ ነው። የሚያደናቅፈው ቋንቋው ነው፤ «ቢያንስ»፣ «ከ… የማይበልጥ» የሚሉ የቃላት ጥያቄዎች። ካልኩሌተር ይዞ መግባት የለም፣ ስክሪኑ ላይ ተሠርቶ የተቀመጠ አለ፤ አጠቃቀሙን ቀድመው ያልለመዱ ሰዎች ደቂቃ ይበላባቸዋል። በእጁ ማስላት የለመደ የእኛ ተማሪ ግን ባይነካውም ብዙ አይጎዳም። ካልኩለስ ደግሞ 44 ጥያቄ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 27 ያለ ካልኩሌተር ናቸው፤ ይህ ለእኛ ሰው እንደ ስጦታ ነው።

ኢኮኖሚክስ መካከለኛ ነው። እዚህ በአንድ ኮርስ የሚሰጠውን እነሱ ማይክሮና ማክሮ ብለው በሁለት ፈተና ከፍለውታል፤ ሁለቱንም ያለፈ 6 ክሬዲት ያገኛል። ማይክሮው የትም ዓለም አንድ ነው። ማክሮው ላይ ግን ስለ አሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ አሠራር ጥያቄ ይመጣል። የብሔራዊ ባንክን ሥራ የተማረ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል፣ ስሞቹን ነው መያዝ ያለበት።

የሳይኮሎጂ መግቢያ 95 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ለአንዱ 57 ሰከንድ መድረሱ ነው። ዕውቀቱ ያለው ሰው እንኳ የሚወድቀው በንባብ ፍጥነት ነው። መዝገበ ቃላት አይፈቀድም። መፍትሔው ተጨማሪ ምዕራፍ ማንበብ ሳይሆን ሰዓት ይዞ መለማመድ ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ በሦስተኛው በ22 ደቂቃ፣ በአምስተኛው በ18 ደቂቃ። ቁጥሩ ካልወረደ የፈተናውን ቀን ያራዝሙ።

የአሜሪካ ታሪክና የአሜሪካ መንግሥት ፈተናዎችን በዝርዝሩ መጨረሻ ያስቀምጧቸው። የዚያ አገር ልጅ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የሰማውን እርስዎ በሁለት ወር ማሟላት ይኖርብዎታል፤ ያንን ኮርስ ክፍል ገብቶ መማር ይሻላል፣ ለሚኖሩበት አገርም ይጠቅማል።

ድርሰት ላይ ስሙ የሚመሳሰል ሁለት ፈተና አለ። ኮሌጅ ኮምፖዚሽን 50 የምርጫ ጥያቄና ሁለት ድርሰቶች ያሉት ነው፤ ሞጁላር የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። ሞጁላሩን የማይቀበሉ ኮሌጆች አሉ። ስሙን አጣርተው ይክፈሉ።

ክፍያውን የሚያስቀር መንገድም አለ። ሞደርን ስቴትስ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ለክሌፕ የሚያዘጋጁ ኮርሶችን በነፃ ይሰጣል፤ ኮርሱን ከነጥያቄዎቹ የጨረሰ የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይጠይቃል። የመማሪያ መጽሐፍ ለሚፈልግ የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ ሙሉ የሳይኮሎጂ፣ የኢኮኖሚክስ፣ የአልጀብራና የካልኩለስ መጻሕፍትን በነፃ እንዲወርዱ ያቀርባል። «እንዲወርዱ» የሚለው ቃል ላይ ይሰመርበት፤ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ ሆኖ በቀጥታ ቪዲዮ እያዩ ለማጥናት ማቀድ ኔትወርክ በጠፋ ቀን የሚፈርስ ዕቅድ ነው። ደብረ ብርሃን የገቡ ቀን መጻሕፍቱን በፍላሽ ይዘው ይመለሱ።

አንድ የሚደጋገም ስሕተት፦ ለኮሌጅ ቦርድ መክፈል ቀጠሮ ማስያዝ አይደለም። ክፍያው የምዝገባ ትኬት ያስገኛል፤ ከዚያ ለብቻ ከመፈተኛ ጣቢያው ጋር ቀን ይያዛል። ትኬቱ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን አለው። ጣቢያዎቹም ሁሉም ለሁሉም ክፍት አይደሉም፤ የራሳቸውን ተማሪ ብቻ የሚፈትኑ ኮሌጆችና ለወታደር ብቻ የሆኑ አሉ። ከመክፈልዎ በፊት የጣቢያዎቹን ዝርዝር ይዩ። ለሰሜን ሸዋ ተማሪ የሚሻለው እዚህ አጥንቶ እዚያ መፈተን ነው፤ የቪዛ ወረፋው ራሱ የጥናት ጊዜ ይሰጣል፣ እዚያ ሲደርሱም የሚገቡበት ኮሌጅ ስለሚታወቅ ገንዘቡ በጭፍን አይወጣም።

ዲኤስኤስቲ

ይህ እንደ ክሌፕ ኮርስን የሚተካ ፈተና ሲሆን መጀመሪያ ለአሜሪካ ጦር አባላት የተዘጋጀ ነው፤ ዛሬ ማንም ይፈተነዋል፣ የሚያስተዳድረውም ፕሮሜትሪክ ነው። ከ30 በላይ ፈተና አለው። ጊዜው 2 ሰዓት ነው፤ ውጤቱ ከ200 እስከ 500 ሲሆን ለአብዛኛው ማለፊያው 400 ነው። የወደቀ ከ30 ቀን በኋላ መድገም ይችላል፣ ክሌፕ ግን ሦስት ወር ያስጠብቃል።

ክሌፕን ትቶ ይህን መምረጥ የሚያዋጣው በሁለት ምክንያት ነው፦ ክሌፕ የሌለው ርእስ ሲፈለግ፣ ወይም ኮሌጁ ከፍ ላለ ዓመት ኮርስ ሊቆጥርለት የሚችል ፈተና ሲገኝ። የግል ገንዘብ አያያዝ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የዓለም ሃይማኖቶች መግቢያ ዲኤስኤስቲ ውስጥ ናቸው። የዓለም ሃይማኖቶችን ያየ የቆሎ ተማሪ «ይሄማ የእኔ ነው» ሊል ይችላል፤ ፈተናው ግን ስለ ሂንዱና ስለ ቡድሃም እኩል ይጠይቃል፣ ዜማና ቅኔ አያድኑም። ጉዳቱ ተቀባዩ ከክሌፕ ማነሱ ነው። ወንድም ወይም እኅት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ካለ ግን ሁለቱንም ፈተናዎች ዳንቴስ የሚባለው የጦሩ የትምህርት ፕሮግራም ስለሚደግፋቸው፣ ከኪሱ ከመክፈሉ በፊት የክፍሉን የትምህርት ቢሮ ይጠይቅ።

ኤፒ

ኤፒ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ የኮሌጅ ክሬዲት ለማግኘት የሚወስደው ፈተና ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች 3 ይቀበላሉ፣ መራጮቹ 4 ወይም 5 ይላሉ። በዓመት አንዴ፣ በፈረንጆች ሜይ ወር ይሰጣል፤ ምዝገባው ግን ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ልጃቸውን ይዘው ሄደው 10ኛ ክፍል ያስገቡ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው ይህን ብቻ ነው፤ ሚያዝያ ላይ ቢጠይቁ አልፏል። ለዐዋቂ ተማሪ ኤፒ አያስፈልግም።

ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርስ የሄደ ሰው ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃን የሚተካውን ጂኢዲ ይፈተናል። በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ማለፊያው 145 ነው፤ 175 እና ከዚያ በላይ ካመጣ በአራቱ ተደምሮ እስከ 10 የኮሌጅ ክሬዲት እንዲሰጠው የሚመከር ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጂኢዲን «ልለፈው ብቻ» ብሎ መፈተን ይህን ዕድል ማስመለጥ ነው።

አማርኛችን ራሱ ክሬዲት ነው

ብዙ የእኛ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ይህ ነው። በርካታ የአሜሪካ ኮሌጆች ለዲግሪ የውጭ ቋንቋ ይጠይቃሉ፣ ተማሪውም «ስፓኒሽ ልጀምር» ብሎ ሁለት ሴሚስተር ይከፍላል። ክሌፕ የሚፈትነው ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛን ብቻ ነው። አማርኛን የሚፈትኑ ሌሎች አሉ። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ መምህራን ማኅበር ኦፒአይ የተባለ የቃል ፈተና በአማርኛ ይሰጣል፤ ከሰው ጋር በስልክ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነው። አቫንት የሚባል ድርጅት ደግሞ የመጻፍና የመናገር ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል። የኦፒአይ ዋጋ ከክሌፕ ይበልጣል፤ በአንድ ጊዜ ሊያስገኘው የሚችለው ክሬዲት ግን ከአንድ ኮርስ በላይ ሊሆን ስለሚችል ያዋጣል።

ከመፈተን በፊት ለኮሌጁ የሚቀርበው ጥያቄ «ዌቨር ነው ወይስ ክሬዲት?» የሚል ነው። ዌቨር ግዴታውን ያነሣል፣ ክሬዲት ግን አይጨምርም፤ 120ውን በሌላ ኮርስ መሙላት ይቀራል። ሁለተኛ ደረጃን ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረሰ ሰው ብዙ ቦታ ትራንስክሪፕቱን አሳይቶ ዌቨሩን በነፃ ያገኛል። ክሬዲቱን የሚፈልግ ነው መፈተን ያለበት።

«አማርኛ ተወልጄበታለሁ፣ ምን ልዘጋጅ?» የሚል ሰው ዝቅ ያለ ደረጃ ይዞ የሚወጣበት ምክንያት አለ። ፈታኙ በቀላል ጥያቄ ጀምሮ ተናጋሪው የሚያቅተው ቦታ እስኪደርስ ድረስ ደረጃውን ይጨምራል። «ያደጉበትን ሰፈር ይግለጹልኝ» ሲባል «ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው ያደግሁት፤ ብርድ ነው፣ ደስ ይላል» ብሎ ያበቃ ሰው ለመዛኙ የሰጠው ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ነው። በባህላችን ስለራስ አለማብዛት ጨዋነት ነው፤ ፈተናው ላይ ግን የማያውቅ ያስመስላል። መዛኙ የሚፈልገው የተያያዘ አንቀጽ ነው፦ ሰፈሩ ድሮ ምን እንደሚመስል፣ አሁን ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተለወጠ።

ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ ጥያቄው ይጠልቃል። «ከተማው ላይ ፋብሪካ ሲበዛ በዙሪያው ያለው ገበሬ ምን አጣ፣ ምን አገኘ? ሌላ መንገድ ተመርጦ ቢሆን ኖሮስ?» እዚህ ላይ የሚለየው «ቢደረግ ኖሮ… ይሆን ነበር» እያሉ ሐሳብን መዘርጋትና አቋምን በምክንያት መደገፍ መቻል ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ቅይጥ ነው። «ሲስተሙ ፌይል ሲያደርግ ፒፕሉ አፌክት ይሆናል» ዓይነት ንግግር ሜሪላንድ ቡና ቤት ውስጥ ያስኬዳል፣ ፈተና ላይ ግን ቃሉን አጣ ያሰኛል። ለአንድ ሳምንት በቀን አንድ ርእስ ይዞ 3 ደቂቃ ያለ እንግሊዝኛ ቃል መናገርና ስልክ ላይ ቀድቶ ማዳመጥ በቂ ዝግጅት ነው። እዚያ ተወልደው አማርኛ ለሚሰሙና በአጭሩ ለሚመልሱ ልጆች ግን ወራት ይፈልጋል፤ ከአያት ጋር በስልክ ማውራት ከመጽሐፍ ይሻላቸዋል። የአቫንቱን የሚወስዱ ሰዎች በኮምፒውተር የፊደል ሰሌዳ የአማርኛ ፊደል መጻፍ ይልመዱ፤ በስልክ ብቻ አማርኛ የጻፈ ጣት እዚያ ይንቀረፈፋል።

የኮሌጁ የራሱ ፈተና

አንዳንድ ኮሌጆች ቻሌንጅ ኤግዛም አላቸው፤ ዲፓርትመንቱ የኮርሱን ማጠቃለያ ፈተና ለማይማረው ሰው ይሰጣል። ጥቅሙ ተቀባዩ ራሱ ፈታኙ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ «አንቀበልም» አይባልም። ጉዳቱ ኮሌጅ ሲቀይሩ አብሮ አለመሄዱ ነው፤ ብዙ ቦታ ሌላው ኮሌጅ አያየውም። በዚያው ኮሌጅ ለመጨረስ የቆረጠ ሰው ይምረጠው።

ውጤቱ ካለፈ በኋላ የሚበላሸው

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ከሁለት ዓመት ኮሌጅ) ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ በ50 የተቀበለውን ክሌፕ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ደንብ እንደ አዲስ ያየዋል፤ ከፍ ያለ ነጥብ ሊጠይቅ ወይም ላይቀበል ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ደንብ ይመልከቱ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ለሚጠይቀው ያጥኑ።

ቅደም ተከተልም ያበላሻል። ካልኩለስን ያለፈ ሰው ተመልሶ የኮሌጅ አልጀብራን ቢፈተን ብዙ ኮሌጅ አይቆጥርለትም። ሁለቱም የሚቆጠሩለት ከሆነ ከታች ወደ ላይ ይውጣ።

በፈተና የተገኘ ክሬዲት ውጤት የለውም፣ ጂፒኤን አያነሣም። በመጀመሪያ ሴሚስተር ጂፒኤው የወረደበት ተማሪ የሚቀለውን ኮርስ በፈተና ከማስወጣት ክፍል ገብቶ ኤ ቢያመጣበት ይሻላል። ሕክምና ሊማር ያሰበም ባዮሎጂና ኬሚስትሪን በፈተና አያልፍ፤ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ላቦራቶሪ ያለው የክፍል ኮርስ ይፈልጋሉ። ነርሲንግም ላይ ፕሮግራሙን ሳይጠይቁ አይሞክሩ።

በፈተና የመጣ ክሬዲት በሴሚስተሩ የተመዘገቡትን ቁጥር አይሞላም። በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ ያለ ሰው በሴሚስተር የሚጠበቅበትን 12 ክሬዲት ክፍል ውስጥ ነው መሙላት ያለበት፤ «6ቱን ተፈትኛለሁ» ብሎ 6 ብቻ የተመዘገበ ሰው ቪዛው ላይ አደጋ ያመጣል። የመንግሥት የትምህርት ድጎማም የሚሰላው በተመዘገቡት ኮርስ ነው። በተጨማሪ ብዙ ኮሌጆች ከ120ው የተወሰነ ድርሻ፣ ለምሳሌ 30 ክሬዲት፣ እነሱ ዘንድ ብቻ መማርን ያስገድዳሉ።

የሬጅስትራሩን መልስ በጽሑፍ ይያዙ። ጥያቄውም አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «የኮሌጅ አልጀብራ ክሌፕ በ50 ስንት ክሬዲት ይሰጠኛል፣ የትኛውን ኮርስስ ይተካል?» «አዎ እንቀበላለን» የሚል መልስ አይበቃም። ኮርሱን የማይተካ፣ በነፃ ምርጫነት ብቻ የሚቀመጥ ክሬዲት ብዙውን ጊዜ የማይፈለግ ነው።

ስም፣ ልደትና ሰዓት

ሲመዘገቡ ስምዎ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይሁን። «ፀሐይ» የምትባል ልጅ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት ትጻፋለች፤ ትራንስክሪፕቷ አንዱን፣ ፓስፖርቷ ሌላውን ከያዘ ውጤቷ ለኮሌጁ ደርሶ ባለቤት ያጣል። የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደሚገባም ፓስፖርቱን አይቶ መወሰን ነው፤ አንዴ አባት አንዴ አያት የሞላ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ልደትን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (አንዳንድ ዓመት እስከ 21) የተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8 ዓመት ይጨመርለታል፤ ዝም ብሎ 8 የጨመረ ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጫል።

በቤት ሆነው በካሜራ የሚጠበቁበት ፈተና ከያዙ ቀጠሮው በአሜሪካ ሰዓት ሊጻፍ ይችላል። በክረምታቸው የዋሽንግተን ጠዋት 2 ሰዓት የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ 9 ሰዓት ይሆናል። አዲስ አበባ ሄደው ማንኛውንም ዓለም አቀፍ ፈተና የሚፈተኑም «8:00 ኤኤም» የሚለውን 8 ሰዓት ብለው እንዳያነቡት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በዚያው ቀን ንጋት ተነሥቶ መድረስን መንገዱ አያረጋግጥም። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ ጣርማበርን በጭጋግ ማለፍ አለበት፤ ከዓለም ከተማ የሚመጣ ደግሞ በጀማ በኩል በሌላ መንገድ ነው። የዋዜማውን አዳር አዲስ አበባ ያድርጉት፣ ፓስፖርቱም ከልብስ ሻንጣው ሳይሆን ከኪስ ይሁን።